አያቴ ከተቀመጡበት ወንበር ሥር

ተሰሎንቄ፣ ግሪክ
ኦክቶበር 4 ቀን 1997

ለተከበሩ አጎቴ ቡዶክ፦

በመጀመሪያ ፍየሎቹ እንደምን ሰነበቱ? ቀጥሎ እርስዎ እንደምን ሰነበቱ? ቅደም ተከተሉን ያስተማሩኝ እርስዎ ስለሆኑ እንዳይቆጡኝ። እናትዎ፣ አያቴ እማማ ዛርማስስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? የሸለቋችን ጠባቂ ሳጂጎር ደጃችሁን ይጠብቅ፣ ወተቱን ያብዛው፣ ነብሩን ከበረቱ ያርቀው።

እኔ ደህና ነኝ። የአዋላጅነት ትምህርቴን ሁለተኛ ዓመት ጀምሬያለሁ። እስካሁን አሥራ አንድ ሕፃናት ተቀብያለሁ፤ አሥራ አንዱም ግሪክኛዬን ሲሰሙ አልቅሰዋል።

አጎቴ፣ አሁን ይቀመጡ። ደብዳቤ ቆመው እንደሚያነቡ አውቃለሁ፤ ግዴለም፣ ለእኔ ሲሉ ይቀመጡ።

አባትዎን አገኘኋቸው።

የእንጨት ሐውልታቸውን ማለቴ ነው፤ እኔ ሳልወለድ፣ የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት ከመቃብሩ ስፍራ የተሰረቀውን። ቅዳሜ ቅዳሜ ለኪስ የሚሆን እንዳገኝ ስታማቲስ የሚባል የጥንት ዕቃ ነጋዴ ቤት አጸዳለሁ። በመጀመሪያው ቀን በሩን ከፍቼ ስገባ አንድ ሰውዬ በስተቀኝ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ባርኔጣ አድርገዋል፣ የዝናብ ካፖርት ደርበዋል፣ ክንዳቸው ላይ ሁለት ጃንጥላ አንጠልጥለዋል። «ደህና አደሩ» ብዬ አለፍኩ። መልስ ሲጠፋ ተመልሼ አየኋቸው። የኮት መስቀያ አድርገዋቸዋል፣ አጎቴ! ባርኔጣውን ሳነሳው አፍንጫቸው ወደ ግራ ዞሯል። እማማ ዛርማስ «የባሌ አፍንጫ ወይን ጠጁ ወዳለበት የዞረ ነው» የሚሉት ያው አፍንጫ። ባርኔጣውን ይዤ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የልጅ ልጇን የተቀበልኩላት ዴስፒና የምትባል ጡረተኛ ጠበቃ አለች፤ ልትረዳን ቃል ገብታለች። ነጋዴው አያቴን ሜይ 16 ቀን በጨረታ ሊሸጣቸው ነው። እሱ የሚለው «ይህ ሐውልት የእናንተ የካላሽ ሰዎች አይደለም፤ ቢሆንም እንኳ የማን እንደሆነ ማን ያውቃል?» ነው። ዴስፒና ሁለት ነገር አምጪ ብላኛለች። አንደኛ፣ የሸለቆው ሽማግሌዎች አሻራ ያረፈበት የምስክር ወረቀት። ሁለተኛ፣ ከላይ ለተመልካች የማይታይ፣ ባለቤቶቹ ብቻ የሚያውቁት ምልክት። ቤታችን ምሰሶ ላይ የተለጠፈውን ፎቶ ይላኩልኝ እንዳልል፣ እርስዎ ደረትዎን ነፍተው ከፊት ስለቆሙ ከአያቴ የሚታየው አንድ ጆሮ ብቻ ነው።

ምልክት አላቸው? ቶሎ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ሻይራ


ሩምቡር ሸለቆ
ኖቬምበር 2 ቀን 1997

ለውድ የወንድሜ ልጅ ለሻይራ፦

ፍየሎቹ ደህና ናቸው። እኔም ከእነሱ ቀጥዬ ደህና ነኝ። አባትሽ በሕይወት ኖሮ ይህን ቢሰማ ጣራ ላይ ወጥቶ ይጨፍር ነበር፤ እሱ ስለሌለ የወጣሁት እኔ ነኝ። ሽማግሌ መሆኔ ትዝ ያለኝ ልወርድ ስል ነው። ሦስት ሰው አወረደኝ።

ደብዳቤሽን በጎሣው ቤት ሰው ሰብስቤ አነበብኩት። ጃንጥላው ላይ ስደርስ ሁሉም አለቀሰ። ወይን ጠጅ ተቀዳና ሁሉም ሳቀ። ሁለተኛው ሲቀዳ ደግሞ ተመልሶ አለቀሰ። እናቴ ብቻ ሳታለቅስም ሳትስቅም ተነስታ ወንዝ ዳር ሄደች፤ እስኪመሽ እዚያ ተቀመጠች። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

የሸለቆው ወሬ ብዙ ነው፤ ዋናው ግን የዶሮ ነው። የታችኛው መንደር ጎረቤቶቻችን ዶሮ ድልድዩን ተሻግራ ወደ ፍየሎቻችን በረት ልትገባ ምን ቀራት! ፈጣሪ ያደረገልን እኔ ስጠብቅ ነበር። ግማሽ ቀን በድንጋይ አባርሬያታለሁ። የዘንድሮ ወጣት «አንድ ዶሮ ምን ታመጣለች?» ይለኛል። አባቶቻችን ዶሮም እንቁላልም ያልነኩት ያለ ምክንያት ነው? በረት ንጹሕ ስፍራ ነው፤ ዶሮ ደግሞ የርኩሰት እናት ናት። እኔ ቡዶክ በሕይወት እያለሁ የዶሮ ጥላ እንኳ በረት ላይ አያርፍም። ማዶ ለማዶ የሚያሳይ መነጽር ካገኘሽ ላኪልኝ፤ ከሩቅ ላያቸው እፈልጋለሁ።

ምልክት ላልሽው፣ ምልክት የለውም። ከፊትም የለም፣ ከጎንም የለም፣ ከታችም የለም። በተለይ ከታች የለም። አባቴ የተከበረ ሰው ስለነበር ማንም ገልብጦ እንዳያየው፤ ነውር ነው። ለጠበቃዋም ይህንኑ ንገሪያት።

ዕድሜሽን እንደ ዝግባ ያርዝመው።

አጎትሽ ቡዶክ


ተሰሎንቄ
ኖቬምበር 22 ቀን 1997

ለተከበሩ አጎቴ፦

የፍየሎቹን ደህንነት ሰምቼ ተጽናናሁ። ከጣራው መውረድዎንም ሰምቼ አመሰገንኩ። ለዶሮዋ መልካም ዕድል እመኛለሁ።

«በተለይ ከታች የለም» ማለት ምን ማለት ነው? አንድ ሰው ኪሱን ሳልነካበት «ኪሴ ውስጥ ምንም የለም» ካለኝ ኪሱን ነው የማየው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የሚሉት እርስዎ አልነበሩም?

ዴስፒና የእርስዎን ደብዳቤ ስተረጉምላት መነጽሯን አወለቀች፤ ይህን የምታደርገው ሰው ሲዋሽ ነው። አጎቴ፣ ጉዳዩ ቀልድ አይደለም። አንድ ሀብታም ሰው አያቴን ገዝቶ በመርከብ ሊወስዳቸው ይፈልጋል። ከዚህ አገር ከወጡ ሌላ ሃያ አምስት ዓመት እንፈልጋለን ማለት ነው፤ እማማ ዛርማስ ደግሞ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ባላቸውን ሳያዩ እንዲሞቱ ይፈልጋሉ?

የሎዋሪ ተራራ መተላለፊያ በበረዶ ሳይዘጋ የሽማግሌዎቹን ወረቀት ይላኩልኝ። የሚያውቁትንም ይጻፉልኝ። ምንም ይሁን ምን አልቆጣም።

ልጅዎ ሻይራ


ሩምቡር
ዲሴምበር 6 ቀን 1997

ለውድ ልጄ ሻይራ፦

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በክረምቱ በዓላችን በቻውሞስ ዋዜማ ነው። በነዚህ ቀናት የሙት ነገር እንደማይነሳ ታውቂያለሽ። ስለዚህ ብፈልግም ልጽፍ አልችልም። ባልፈልግ ደግሞ የባሰ ነው።

የሽማግሌዎቹ ወረቀት ያልተላከው በብርድ ምክንያት ነው። ጣታቸው ደርቆ አሻራ አልወጣ አለ። ቀለሙም በረዶ ሆነ። የፖስታው መኪናም ቸኩሏል።

ጉዳዩን ለሚያየው ዳኛ ግን ይህን ንገሪው፦ አባቴ ደግ ሰው ነበር፣ ደግነቱ ፊቱ ላይ ይታያል። ዳኛው ዓይን ካለው ይበቃዋል።

መነጽሩ ይቅርብኝ። ይልቅ አንድ ነገር አስቢልኝ። እንጨት በሰው አገር እርጥበት ምስጥ ይበላዋል። አንድ የብርጭቆ ወረቀት ግዢና ወንበሩን ከሥር ደህና አድርገሽ ፈግፍጊው። ሳታዪ ፈግፍጊው፤ ዓይንሽ ውስጥ ብናኝ እንዳይገባ። እስኪለሰልስ ድረስ።

እናቴ ደህና ናት።  በየቀኑ ስለ ደብዳቤ ትጠይቃለች።

በጋው በሰላም ያገናኘን።

አጎትሽ ቡዶክ


ተሰሎንቄ
ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1998

ለተከበሩ አጎቴ ቡዶክ፦

ፍየሎቹ እንዴት ናቸው? እርስዎስ? በቃ፤ ሰላምታው እዚህ ላይ ያብቃ።

ለሁለት ወር ምንም አልጻፉልኝም። በረዶ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ይህን በአውሮፕላን ልኬዋለሁ፤ ሰማዩ የጠራ ዕለት ቺትራል ከተማ ይደርሳል።

ባለፈው ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ነጋዴው ምሳ ሊበላ ሲወጣ የብርጭቆ ወረቀቱን አውጥቼ ወደ አያቴ ሄድኩ። አዎ፣ ገዝቻለሁ። አጎቴ ያዘዘኝን ላድርግ ብዬ ነበር፤ ያውም ሳላይ። ባርኔጣውን አነሳሁ፣ ጃንጥላዎቹን አወረድኩ፣ ይቅርታ ጠየቅኋቸውና ወደ ኋላ ገፋ አደረግኋቸው። ወለሉን ግን ጠዋት በሰም የወለወልኩት እኔው ራሴ ነበርኩ። አያቴ ተንሸራተቱ፣ እኔም ተንሸራተትኩ፣ ከዚያ አያቴ ከነወንበራቸው ደረቴ ላይ ተጋደሙ። አንድ ዝግባ የሚያክል ሰው! ግማሽ ሰዓት ያህል አልተንቀሳቀስኩም። ፊቴ የነበረው ወንበሩ ሥር ነው፤ ላለማየት ብፈልግም መሄጃ አልነበረኝም።

ዶሮ ናት፣ አጎቴ።

ጣት የምታክል፣ ላባዋ ሁሉ አንድ በአንድ የተቀረጸ ዶሮ። ከሥሯ ሁለት እንቁላል አለ። እዚያው ተጋድሜ ሳቅሁ፤ መሳቁም በጣም ያመኝ ነበር።

ነጋዴው መጥቶ ሲያገኘኝ «ምስጥ እየፈለግኩ ነው» አልኩት። አያቴን ከላዬ አነሳልኝና እሱም ዶሮዋን አየ። ከሥራ አባረረኝ። በማግስቱ ስለ እኛ ሁለት መጽሐፍ የጻፈ ባለሙያ ጠርቶ አሳየው። ባለሙያው ምን አለ መሰለዎት? «ካላሾች ዶሮን ይጸየፋሉ፤ አይበሉም፣ አያረቡም። በተከበረ ሰው ሐውልት ላይ ዶሮ ሊቀርጹ አይችሉም። ስለዚህ ይህ የካላሽ ሐውልት አይደለም» አለና ፈረመ። የተናገረው ሁሉ እውነት ነው፤ ገደል የከተተንም እውነቱ ነው። ያቺ ዶሮ አያቴን ልታሸጣቸው ነው።

ዴስፒና እንዲህ ትላለች፦ ዶሮዋን ማን እንደቀረጻትና ለምን እንደቀረጻት የሚናገር፣ በሽማግሌዎች ፊት ተነቦ አሻራ ያረፈበት ቃል ከመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ካልመጣ አብቅቶለታል። ጨረታው አሥራ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

እርስዎ ያውቃሉ። ገና ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር። አልቆጣም ብዬ ነበር፤ ተቆጥቻለሁ። ግን እወድዎታለሁ፣ እባክዎ ይጻፉልኝ።

ሻይራ


ሩምቡር
ማርች 27 ቀን 1998

ለልጄ ለሻይራ፦

ይህን ደብዳቤ ሎዋሪን በበረዶ በእግሩ የሚሻገረው የፖስታ ሰው ይዞታል። እንዳይጥለው ከደረቱ ጋር አስሬለታለሁ። ስለ ፍየሎቹ ዛሬ አልጽፍም።

አባቴ የሞተ ዓመት አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ቺትራል ከተማ ወርጄ ሦስት ወር የአንድ ሹም ወጥ ቤት ውስጥ እንጨት ስፈልጥ ቆየሁ። እዚያ ነው የቀመስኩት። መጀመሪያ ተጸየፍኩ፣ ቀጥሎ ለመድኩ፤ ከዚያ በኋላ ሌት ተቀን እሱን ማሰብ ሆነ ሥራዬ። ወደ አገሬ ስመለስ ሁለት እንቁላል በሱፍ ቆቤ ውስጥ ደብቄ ተሸክሜ ገባሁ። የት ሄጄ ልብላው? ሰው የማይገባበት ቦታ ፈለግኩ። ሴት የማትገባበት፣ እንግዳ የማይረግጠው አንድ ቦታ አለ፤ የፍየሎቹ በረት። በወተት ጣሳ ቀቀልኩና ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ።

የአባቴን ሐውልት የሚጠርበው ዳኖክ ግቢያችን ውስጥ ይሠራ ነበር። ቅቤ ሊወስድ ብሎ ገባ። ግማሹ አፌ ውስጥ፣ ግማሹ እጄ ላይ ሆኖ አገኘኝ። እግሩ ላይ ወድቄ ለማንም እንዳይናገር አስማልኩት። ሰውየው ቃሉን ጠባቂ ነበር፤ ማለልኝ።

በሳምንቱ ፍየሎቹ መሞት ጀመሩ። የሳንባ በሽታ እንደነበር ዛሬ አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ ግን «በረቱን ማን አረከሰው?» ተባለ። እናቴ ከዚያ በፊት በነበረው ቀን እንጨት ልትለቅም ከበረቱ በላይ ባለው መንገድ አልፋ ነበር። ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። «አልተጠጋሁም» ብላ ማለች፤ ማን ይስማት? ሐውልቱ በቆመ ጊዜ ሸለቆው በሙሉ ሦስት ቀን ሲጨፍር እሷ ከወንዙ ማዶ ብቻዋን እንድትቀመጥ ተፈረደባት። ለባሏ ሐውልት ያልጨፈረች ሚስት በዘራችን የለችም፤ እሷ ብቻ ናት። ማዶ ተቀምጣ አየኋት። አፍ ነበረኝ። ጨፈርኩ።

ሐውልቱ ከመቆሙ በፊት ዳኖክ ለብቻዬ ጠርቶ ወንበሩን ገልብጦ አሳየኝ። «አፌን አስምለኸዋል፤ እጄን ግን አላስማልከውም» አለኝ። ዳኖክ ሞቷል፣ ነፍሱን ይማር፤ ምስጢሩ ግን አባቴ ሥር ቀረ። ሐውልቱ የተሰረቀ ዕለት ከሰው ሁሉ በላይ ያለቀስኩት እኔ ነበርኩ። ሰው «አባቱን እንዴት ቢወደው ነው!» አለ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ከለቅሶዬ ግማሹ እፎይታ ነበር። ዶሮ ማሳደድ የጀመርኩትም ከዚያ ወዲህ ነው።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አሥር ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በአሥራ አንደኛው ቀን ሽማግሌዎቹን በጎሣው ቤት ሰበሰብኩና ይህንኑ አነበብኩላቸው። እናቴ ሴቶቹ መካከል ተቀምጣ ነበር። አንብቤ ጨረስኩ። ከሁሉ የሚበልጠው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ፤ የሚረግመኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ።

«ጣዕሙ ግን እንዴት ነው?» አለኝ።

«ጨው ያንሰዋል» አልኩት።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እናቴ አልሳቀችም። ተነስታ ፊቴ መጣች። «አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ‹ምናልባት ሳላውቀው ተጠግቼ ይሆናል› እያልኩ ኖርኩ» አለችኝ። «አንተ ልጅ፣ እኔ እኮ አምኜው ነበር። በራሴ ላይ አምኜው ነበር።»  ማማሰያውን አነሳችና አናቴን ሁለት ጊዜ መታችኝ፤ ለአንድ እንቁላል አንድ። ከዚያ «ብላ፣ ወጡ ቀዝቅዟል» አለችኝ።

ወረቀቱ በፖስታው ውስጥ አለ። አሥራ አራት አሻራ አለው። ብርዱም፣ ቀለሙም ምንም አልከለከላቸውም፤ ሁሉም ለመፈረም ተጋፉ። በቅጣት በረቱን በጥድ ጭስ እንዳጥንና ሁለት ወጠጤ እንዳርድ ተፈርዶብኛል፤ ይገባኛል። መንደር ውስጥ ሳልፍ ከየጣራው «ኩኩሉ» ይሉኛል። እሱም ይገባኛል።

አባቴን አምጪልኝ። ለእኔ ብለሽ አይደለም፤ ለእሷ።

አጎትሽ ቡዶክ


ተሰሎንቄ
ሜይ 19 ቀን 1998

ለተከበሩ፣ ለተወደዱ፣ በተሰሎንቄ ወደብ ስመ ጥር ለሆኑት አጎቴ ቡዶክ፦

ስመ ጥር ያልኩበትን አሁን ያገኙታል።

ደብዳቤዎ ሜይ 14 ቀን ጠዋት ደረሰኝ። ሳነበው በፈገግታ ጀመርኩ፣ መሐሉ ላይ ስደርስ ግን ማየት ተሳነኝ። ከዚያ ከዴስፒና ጋር እየሮጥን ነጋዴው ቤት ሄድን። በሩ ጋ ባርኔጣውና ጃንጥላዎቹ መሬት ላይ ወድቀዋል። አያቴ የሉም! ሰውየው ጨረታውን ሳይጠብቅ በጓሮ ሸጧቸዋል። የቤቱ ዘበኛ «ሐውልቱን ይዞ ዛሬ ጠዋት ወደ ወደብ ሄደ» አለን። ታክሲ ያዝን። ዴስፒና ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ግን ሹፌሩን የሰደበችው የሃያ ዓመት ልጅ በማይችለው ቋንቋ ነው።

ወደቡ ላይ «የአትክልት ስፍራ ወንበር» ተብሎ የተጻፈበት ረጅም ሳጥን ወደ መርከብ ሊጫን ሰንሰለት ታስሮበታል። ምን አደረግኩ? ላዩ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ወዛደሮቹ ጮኹብኝ፣ ነጋዴው ጮኸብኝ፣ የወደብ ፖሊስ መጣ። «ውረጂ» አለኝ። «አያቴ ናቸው» አልኩት። «በምን ታውቂያለሽ?» አለኝ። ደብዳቤዎን አወጣሁና ሳጥኑ ላይ እንደተቀመጥኩ እየተረጎምኩ ከፍ አድርጌ አነበብኩለት።

ይቅር ይበሉኝ፣ ሁሉንም አነበብኩት። መጀመሪያ ፖሊሱ ብቻ ነበር የሚሰማው። ቆቡ ውስጥ የተደበቀው እንቁላል ላይ ስደርስ ወዛደሮቹ ተጠጉ። ዳኖክ በረቱ ውስጥ ሲያገኝዎት አንዱ ከሳቁ ብዛት ገመድ ላይ ተቀመጠ። «አፍ ነበረኝ። ጨፈርኩ» ስል ግን ማንም አልሳቀም።  ፖሊሱ ራሱን ነቀነቀና «ሳጥኑን ክፈቱ» አለ። ገለበጧቸው፤ ዶሮዋ አለች፣ ሁለቱ እንቁላሎችም አሉ። ፖሊሱ ሳጥኑን አግዶ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ባለሙያውን ዴስፒና ራሷ ጠራችው። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ። «ሰው አባቱን ሊያስመልስ ብዙ ነገር ሊፈጥር ይችላል። ራሱን እንዲህ የሚያዋርድ ነገር ግን አይፈጥርም» አለና የፈረመበትን የመጀመሪያ ወረቀት ቀደደው። ነጋዴው ሁለት ቀን ተከራከረ። በመጨረሻ ፍርድ ቤት ከመቆም መተው ይሻላል ብሎ ተወው። ጃንጥላዎቹን ግን አልሰጥም አለ፤ እኛም አልጠየቅነውም።

አያቴ በጁላይ መጨረሻ በመርከብ እስከ ካራቺ፣ ከዚያ በመኪና ይመጣሉ። እኔ ፈተና ስላለብኝ አብሬያቸው መምጣት አልችልም፤ ይህ ደግሞ አንጀቴን በልቶታል። እማማ ዛርማስን በእኔ ስም እጃቸውን ይሳሙልኝ። አያቴን ሲያዩዋቸው የሆነውን ሁሉ ይጻፉልኝ። ምንም እንዳያስቀሩ።

ልጅዎ ሻይራ


ሩምቡር
ኦገስት 25 ቀን 1998

ለልጄ፣ ለቤታችን ኩራት ለሻይራ፦

ፍየሎቹ ደህና ናቸው፤ ሁለት ከመቀነሳቸው በስተቀር። እኔ ከሁሉም በላይ ደህና ነኝ። ሳጂጎር እጅሽን ይባርክ፤ በእጅሽ የሚወለዱት ሁሉ ዕድሜ ይስጣቸው።

አባቴ ገብቷል። ቺትራል ድረስ ሄጄ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ጂፑ ላይ ማንም ሊያጋድመው አልደፈረም፤ ስለዚህ ሹፌሩ አጠገብ፣ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ መጣ። እኔ ከኋላ ከጎማው ጋር ተቀመጥኩ። ኬላው ላይ ወታደሩ መታወቂያ ጠየቀው። መልስ ሲያጣ ተቆጣ። በመጨረሻ ቀርቦ ነካውና ሰላምታ ሰጥቶ አሳለፈን።

ሰው ድልድዩ ድረስ ወጥቶ ከበሮ እየመታ ተቀበለን። የበጋው አይብ በየቤቱ ስለነበር ድግሱም አልጠፋም። ሐውልቱ ቀድሞ ከነበረበት ስፍራ ቆመ። ከመቆሙ በፊት ወጣቶቹ ዶሮዋን ካላየን ብለው አስቸገሩኝ። ገልብጬ አሳየኋቸው። «እንፋቃት?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው ነበር፤ አይሆንም አልኩ። አባቴን ያስመለሰች እሷ ናት። በሕይወት ያሉትን ዶሮዎች ግን አሁንም አሳድዳለሁ፤ ሥርዓት ሥርዓት ነው። ልዩነቱ አሁን ስሮጥ መንደሩ ቁጭ ብሎ ያጨበጭባል።

ምንም እንዳላስቀር ስላልሽኝ የእናቴን ልንገርሽ። ጠዋት ማንም ሳይረዳት ተነስታ ፊቷን ታጠበች። ጉልበቷ እንደማይችል ስለማውቅ ልሸከማት ፈለግኩ፤ «እኔ ወደ ባሌ የምሄደው በእግሬ ነው» አለችኝ። ከቤት እስከ መቃብሩ ስፍራ ግማሽ ቀን ፈጀባት። ሰው ሁሉ ከኋላዋ በቀስታ ተከተለ፤ የቀደማት የለም።

ፊቱ ስትደርስ ቆመችና ለረጅም ጊዜ አየችው። አፍንጫውን ዳሰሰች። «ያው ነህ» አለችው። «እኔ አርጅቼ አንተ ሳታረጅ ቀረህ፤ ከልጅህ እንኳ ታንሳለህ። በል፣ ለጭፈራህ ቆይቻለሁና አትቀየመኝ። አልፈቀዱልኝም ነበር» አለችው። ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት፣ ሻይራ። እሷ! እዚያ ሁሉ ሰው መካከል እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አላፈርኩም።

ከዚያ ወደ ከበሮ መቺዎቹ ዞረች። «ምን ትጠብቃላችሁ?» አለቻቸው። ሴቶቹ መጥተው ትከሻ ለትከሻ ተያያዙ፤ እሷን መሐል አደረጓት። ሦስት ዙር ብትዞር ነው ብለን ነበር። አላቆመችም። ሴቶቹ እየደከሙ ይወጣሉ፣ ሌሎች ይተካሉ፤ እሷ ግን ያለችበት አለች። እግሯ ብዙ አይነሳም፣ ግን ከበሮውን አልሳተችም። እኔ ልገባ ስጠጋ በዓይኗ መለሰችኝ፤ አንተ የድርሻህን ጨፍረሃል ማለቷ ነው።

ስለዚህ ከዳር ቆምኩ። ምርኩዟን ሰጥታኝ ነበርና እስክትጨርስ ድረስ ያዝኩላት።

አጎትሽ ቡዶክ